መልስ፦ ፕሮፌሰር ፓንክረስት የማን ልጅ ናቸው?

ሰላም ወንድሜ። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከእንግሊዞቹ የሴቶች መብት ታጋዮች ጋር ይዛመዳሉ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ የልጅ ልጅ ናቸው። አያታቸው ኤሜሊን ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለውን ማኅበር በ1903 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ማንችስተር ላይ መሠረቱ። እናታቸው ሲልቪያ ሠዓሊም ጸሐፊም ነበሩ። ለዚሁ ትግል ብዙ ጊዜ ታስረዋል። ጣሊያን ሲወረንም ዝም አላሉም። በ1936 ለእኛ የሚሟገት ጋዜጣ እንግሊዝ ውስጥ ጀመሩ፤ ለዓመታት በየሳምንቱ አወጡት። እኔን ሁሌም የሚነካኝ ይሄ ነው። ያኔ አገራችንን በዓይናቸው እንኳ አላዩም ነበር! በ1956 ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1960 አርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሪቻርድም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም የእሳቸው ድካም አለበት።