መልስ፦ ፕሮቴዝ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም በመድኃኒት ቢታገድም ኤችአይቪ ለምን ከሴሉ ይወጣል?

መድኃኒቱ የሚያስቆመው መውጣቱን ሳይሆን መብሰሉን ነው። ቫይረሱ ከሴሉ የሚወጣው ገና ጥሬ እያለ ነው። ጋግ የሚባለው ረጅም ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በሺዎች ይደረደርና ሽፋኑን እየገፋ ይወጣል። ለዚህ ፕሮቴዝ አያስፈልገውም።

ፕሮቴዝ መቀስ ነው በለው። ጋግን ይቆራርጠዋል። ከቁርጥራጮቹ አንዱ ካፕሲድ ነው፤ በስድስት በስድስት እየተቧደነ 250 ገደማ ቡድን ይሠራል። 12 ባለአምስት ቡድኖች ደግሞ ቅርፊቱን አጥፈው ይዘጉታል። የቫይረሱን የዘር መረጃ የያዘው አርኤንኤ የሚቀመጠው እዚህ ሾጣጣ ቅርፊት ውስጥ ነው። ዳሩናቪር የሚባለው ፕሮቴዝ አጋጅ መድኃኒት መቀሱን ሲይዘው ጋግ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ቫይረሱም አዲስ ሴል መያዝ ያቅተዋል።

ተማሪ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር ስላለ ተጠንቀቅ፦ ሌናካፓቪር የሚባለውን ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት ከፕሮቴዝ አጋጆች ጋር እንዳትደባልቀው። እሱ የሚጣበቀው ራሱ ካፕሲዱ ላይ ነው።