የድሮ ሼቭሮሌት ካምሻፍት ልትቀይሩ ነው? ጠይቁኝ

የ1976 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት ኖቫ አለኝ፤ ሞተሩ 350 ቪ8 (350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ባለ ጉብታ ዘንግ፤ ባጭሩ ካም) ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። እናንተ እንዳትደግሙት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ትልቁን ካም ልግዛ? ሚኒሞ ላይ ሲንተከተክ ድምፁ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ድምፁን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ይቅርብህ ወንድሜ። የዚያ ዘመን 350 ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የገባው የሚታመቅበት መጠን) 8.5 ለ1 ገደማ ነው። ትልቅ ካም የመግቢያውን ቫልቭ አዘግይቶ ስለሚዘጋ ያቺኑ ይቀንስብሃል። መብራት ላይ ቆመህ ስትነሳ መኪናው አቅም ያጣል። ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ስለሚወርድም ፍሬኑ ይከብድሃል። ካምቢዮና ዲፈረንሻል ካልነካህ፣ ቫልቩን ክፍት አድርጎ የሚያቆይበት ቆይታ (ዱሬሽን) በ0.050 ኢንች ሲለካ ከ204 እስከ 214 ዲግሪ ያለው ካም ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹን ሊፍተሮች መልሼ ልግጠማቸው?

መልስ፦ በፍጹም እህቴ። ሊፍተር የካሙ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ቫልቩን የሚያስከፍተው ዕቃ ነው፤ ጠፍጣፋው ዓይነት ከለመደው ጉብታ ጋር ተፋትጎ ነው የሚስተካከለው። አሮጌውን አዲስ ካም ላይ ካደረግሽው ይበላዋል። የቫልቭ ሞላዎቹንም አብረሽ ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን መጀመሪያ ሳስነሳ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የካሙ ጉብታዎች ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ ከሚረጨው ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚረጨው ያንሳል። የእኔ ካርቡሬተር ደረቅ ነበር። በሞተሪኖ ደጋግሜ አዞርኩት፤ ሲነሳም ሚኒሞ ላይ ተውኩት። በሁለተኛው ሳምንት ከቫልቭ ሽፋኑ ስር ትክ ትክ ማለት ጀመረ። ዘይቱን ሳፈስ የብር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ካሙን ሳወጣው ከ16ቱ ጉብታዎች አንዱ ተበልቶ ክብ ሆኗል። በጣም አዘንኩ።

በሁለተኛው ጊዜ ጉብታዎቹን የመግጠሚያ ቅባት በደንብ ቀባኋቸው። ዲስትሪቢዩተሩን አውጥቼ የዘይት ፓምፑን በድሪል አዞርኩ፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ። ካርቡሬተሩን ቤንዚን ሞላሁት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ከፍ ዝቅ እያደረግኩ 20 ደቂቃ አቆየሁት። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ።

ጥያቄ፦ የትኛው ዘይት ይሻላል?

መልስ፦ ዚንክና ፎስፈረስ በርከት ያለበት፣ ለድሮ ሞተር የተሠራ። የዘመኑ የቤት መኪና ዘይት ውስጥ እነሱ ቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው። ችግር አለው?

መልስ፦ መኪናህ የ1975 ሞዴል ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ የጭስ ምርመራ አይጠየቅም። እንደ እኔው የ1976 ከሆነ ግን ይጠየቃል፤ ካሙን ከመግዛትህ በፊት እዚያ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጥ።