ቬኒየር የለበሰው ጠረጴዛዬ ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ በሐዋሳ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በነሐሴ ወር ለአንድ ደንበኛ ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የምግብ ጠረጴዛ ሠራሁ። ለገጹ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ቆርጬ፣ የዋንዛ ቬኒየር (ስስ የእንጨት ልባስ) ጭረቱን፣ ማለትም የእንጨቱን የቃጫ መስመር፣ በርዝመቱ አድርጌ በነጭ ኮላ ለጠፍሁበትና ዙሪያውን በሞርሳ አስሬ አሳደርሁት። ሳስረክብ እንከን አልነበረውም። ኅዳር ሲገባ ግን ሁለቱ ረጃጅም ጠርዞች ወደ ላይ ተነሡ፤ ቀጥ ያለ ጣውላ በወርዱ ሳጋድምበት መሐል ላይ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል። ከዚህም ሌላ መሐሉ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ጉብ ብሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የኤምዲኤፉ?

መልስ፦ ኤምዲኤፉን ይተዉት። በደብዳቤዎ ስለ ጠረጴዛው የታችኛው ገጽ አንድም ቃል ስላልጻፉ ባዶውን ሳይተዉት አልቀሩም፤ የጠርዞቹ መነሣትም ይህንኑ ይመሰክራል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው፣ ሲደርቅም የሚሰበሰበው በጭረቱ ርዝመት ሳይሆን በወርዱ ነው። ነጭ ኮላ ደግሞ ውኃ ያለበት በመሆኑ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህለው ስስ ልባስ ኮላው ሲነካት ታብጣለች፤ እንዳበጠችም ትያዛለች። በነሐሴ እርጥበት የተለጠፈች ልባስ በጋው ሲገባ ይበልጥ ስትሰበሰብ፣ የተጣበቀችበትን ሰሌዳ ይዛው ትጎብጣለች። እንዲህ ያለ ስስ ነገር 18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ያጎብጣል ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ ሆኖም ገጹ ሰፊ በሆነ ቁጥር ጉብጠቱ ጎልቶ ይታያል።

መፍትሔው የታችኛውንም ገጽ ማልበስ ነው። ለማይታየው ገጽ ውድ ዋንዛ ማባከን አያስፈልግም፤ ርካሽ ቬኒየር ይበቃል። ነገር ግን ውፍረቱ፣ የጭረቱ አቅጣጫና የኮላው ዓይነት ከላይኛው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ገጾች በአንድ ጊዜ ቢታሰሩ ደግሞ ይመረጣል። ከታች ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት ይህን አይተካም። ሰሌዳው ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት) ከሆነ፣ የቬኒየሩ ጭረት የኮምፔርሳቶውን የላይኛ ንጣፍ ጭረት አቋርጦ እንዲተኛ ይደረጋል።

ጉብ ጉብ ያለው ነገር ምክንያቱ ሌላ ነው። ዙሪያውን የታሰረ ሞርሳ የሚጫነው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሰሌዳ መሐሉ ሳይጫን ያድራል። በቬኒየሩ ላይ ወፍራም ሰሌዳ ደርበው፣ በዚያ ላይ ወርዱን የሚያቋርጡ ጠንካራ ጣውላዎች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ያጋድሙ። የእያንዳንዱን ጣውላ የታችኛ ፊት መሐሉ ከጫፎቹ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጎላ እንዲል አድርገው ይላጉት። ጫፎቹ በሞርሳ ሲጠብቁ አስቀድሞ የሚጫነው መሐሉ ይሆናል፤ ትርፉ ኮላም ወደ ጠርዝ ይወጣል። ከመካከለኛው ጣውላ ጀምረው ወደ ዳር ያጥብቁ። ኮላውን የሚቀቡት ሰሌዳውን እንጂ ቬኒየሩን አይደለም፤ ቬኒየሩን ከቀቡት ገና ሳያስቀምጡት ይጠቀለልብዎታል። በቬኒየሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚሾልከው ኮላ ከተደረበው ሰሌዳ ጋር እንዳያጣብቀው በመካከል ላስቲክ ያንጥፉ። ኮላው በደቂቃዎች ውስጥ መድረቅ ስለሚጀምር ጣውላውም ሞርሳውም አስቀድሞ ተሰናድቶ መጠበቅ አለበት።

አሁን ያለውን ጠረጴዛ በተመለከተ፣ ገጹን በጥፍርዎ እየቆረቆሩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ያክብቡት። ነጭ ኮላ ሙቀት ሲያገኘው ስለሚለሰልስ፣ ወረቀት ደርበው መካከለኛ ሙቀት ባለው የልብስ ካውያ ይጫኑት፤ ወዲያው ካውያውን አንሥተው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በጠፍጣፋ እንጨት ይዘው ይቆዩ። ይህ ካልያዘ ከሥሩ ኮላ የለም ማለት ነው፤ እንግዲያው ጭረቱን ተከትለው በምላጭ ይሰንጥቁትና ኮላ በሲሪንጅ ጨምረው ያስሩት። የተሰነጠቀው በጭረቱ መስመር ከሆነ ከቫርኒሽ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ጉብጠቱን የታችኛውን ገጽ ከላይ በተባለው አኳኋን በማልበስ ይሞክሩት፤ ሙሉ በሙሉ ይቃናል ብለው ግን ለደንበኛዎ ቃል አይግቡ። ሲያለሰልሱም በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፤ ሻካራው ግማሽ ሚሊ ሜትርን በልቶ ኤምዲኤፉ ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጥያቄ፦ ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ሻጭ ማስቲሽ ብጠቀም ሞርሳ እንደማያስፈልገኝ ነገረኝ። ለቬኒየር ይሆናል?

መልስ፦ ለፎርማይካ ይሆናል፤ ለተፈጥሮ እንጨት ቬኒየር ግን አንመክርም። ማስቲሽ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ እንጨቱ በየወቅቱ ከመንቀሳቀስ አያግደውም። በዚያ ላይ ቫርኒሹን ያቀጠኑበት ቲነር በእንጨቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፤ ትናንት ለጥ ብሎ የነበረው ገጽ ቫርኒሽ በተቀባ ማግስት ውኃ እንደቋጠረ ቆዳ ተነፍቶ ይገኛል።