መልሱ ሳይጠፋት ጠይቋት

በቀደም ደሴ ላይ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ «ጋሼ፣ አያቴ መርሳት ጀምራለች። ያ ውጭ አገር የሚሞከረውን የአልዛይመር መድኃኒት ብታገኝ ትድናለች?» አለችኝ። ዕድሜዬን መድኃኒት ቤት ስላሳለፍኩ መልሱ አልከበደኝም። የከበደኝ አክስቴን ማስታወሴ ነው።

አክስቴ ሐይቅ ከተማ ቅመም ትነግድ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ማን ስንት ዱቤ እንደወሰደ በቃሏ ትይዛለች። ኋላ ዱቤው ይምታታባት ጀመር። የከፈለውን ድገም ትላለች፤ ያልከፈለውን መርቃ ትሸኛለች። አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ «ቡና ላፍላላችሁ?» ትለናለች። ቤተሰቡ «ጃጀች» አለ። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት፤ «እርጅና ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጥተው ሸኙን።

እሷ ግን ታውቅ ነበር። አንድ ማታ ሱቅ ስንዘጋ እጄን ያዘችና «ልጄ፣ ከጭንቅላቴ የሆነ ነገር እየወጣ ነው» አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ልትነግረን ትችል ነበር። ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ፣ ሱቁ ለማን እንዲሆን። የጠየቃት ሰው የለም። በኋላ ልጆቿ በሱቁ ሲጣሉ ሁሉም «ለእኔ ብላለች» ይል ነበር። እሷ መሀላቸው ተቀምጣ አንዳቸውንም አታውቃቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ስሙ ሌካነማብ ይባላል፤ በሽታው ገና በጀመራቸው 1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወር ተሞክሯል። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ወሰዱ። ማን የቱን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም ነበር። መድኃኒቱን ባገኙት ላይ የበሽታው መባባስ ካላገኙት አንጻር በ27 በመቶ ዘገየ። በሽታው አልቆመም፤ የጠፋ ትዝታም አልተመለሰም። አንጎላቸው ያበጠና የደማም ስለነበሩ አንጎልን በኤምአርአይ ምስል እያነሱ መከታተል ግድ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ሰጠችው። እናንተ ልጆች ግን «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚል ርዕስ ስታዩ ሳታነቡት ለሰው ትልካላችሁ። አትቸኩሉ።

ደግሞም ቸኩሉ። መድኃኒቱ ለጀማሪው በሽታ ነው። ሙከራ ውስጥ የሚገባ ሰውም ጉዳቱ ተነግሮት፣ ገብቶት መፍቀድ አለበት። እኛ ጋ ግን በሽታው ስም የሚያገኘው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

አያታችሁን ሐኪም ጋ ውሰዷት። የታይሮይድ ችግር፣ የቢ12 እጥረትና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነሱ ይታከማሉ። ከዚያ ረጋ ባለችበት ጠዋት፣ ወራሽ ነኝ ባይ ሳይኖር፣ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት። ያለችውን በራሷ ቃል ጻፉት።