«በረዶ» ወይስ «አመዳይ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ገና በመወለድ ላይ ባሉ ኮከቦች ዙሪያ ስለሚገኙ ውስብስብ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ለተማሪዎቼ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሞለኪውሎቹ የሚሠሩት የጠፈር አቧራ ላይ በረጋ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ሽፋኑን «በረዶ» ብዬ ብጠራው አንዱ ተማሪ «ታዲያ አቧራውን አይሰብረውም?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው። ለሰሜን ሸዋ ልጅ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ባቄላ የሚያረግፍ፣ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ቃል ደጃፍዎ ላይ አድሯል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩን ነጭ የሚያደርገው አመዳይ ነው። አመዳይ አይወርድም። የአየሩ እርጥበት ብርድ ሲጠናበት፣ ውሃ እንኳ ሳይሆን፣ እዚያው ሣሩ ላይ ይረጋል።

ጠፈር ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። ኮከብ የሚጸነስበት ጨለማ ደመና ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደመናው ጋዝ ወጥቶ አቧራው ላይ ይረጋል። የሃይድሮጅን አቶሞች አንድ በአንድ ይጨመሩበትና ሜታኖል የተባለው አልኮል ይሆናል። ሜታኖል 6 አቶም አለው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች ካርቦን ያለበትን ሞለኪውል «ውስብስብ» የሚሉት ከ6 ጀምረው ነው። (6 ፍሬ ምኑ ይወሳሰባል? የሚወሳሰብስ ፈትል ነበር። ይሁን።)

«ውርጭስ?» እንዳይሉኝ። ውርጭ ብርዱ ነው፤ ይመታል። አመዳይ ዓይን የሚያየው ነው።

አሁን ወደምወደው ልግባ። በግዕዝ ሐመዳ አለ፤ የእኛ አመዳይ የዚያ ልጅ ነው። ሐመድም አለ፤ እኛ አመድ ያልነው። ሁለቱም ሐ-መ-ደን ይዘዋል። ግጥምጥሞሽ ነው የሚል አይጠፋም፤ የእኔም ማስረጃ ቀጭን ነው። ግን አመዳይ ያደረበትን የመንዝ ሜዳ አይቶ አመድ የተነሰነሰበት ያልመሰለው ሰው ካለ ያምጡልኝ።

«አመዳይ የባላገር ቃል ነው፤ በረዶ ሁሉንም ይጠቀልላል» የሚል ወገን አለ። ሁሉን የሚጠቀልል ቃል ምኑን ይለያል? በረዶ የበረደ ዘመድ ነው። ብርድ የነካውን ሁሉ በረዶ ካልን የቀዘቀዘ ሻይ ምን ሊባል ነው?

ግሱም ላይ ይጠንቀቁ። ጨቅላው ኮከብ ዙሪያውን ሲያሞቅ አመዳዩ «ቀለጠ» አይበሉ። የቀለጠ ፈሳሽ ይሆናል። እዚያ ግፊት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከጠጣርነት በቀጥታ ጋዝ ይሆናል፤ ይተናል። ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አመዳዩ ውስጥ የረጋው ውሃ ይተንና ሞለኪውሎቹን ይዟቸው ይወጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. ቺሊ ያለው አልማ ቴሌስኮፕ አይራስ 16293 በተባለው ጨቅላ የኮከብ ሥርዓት ውስጥ ግላይኮላልዲሃይድ የተባለ ቀላል የስኳር ዘመድ ያገኘው ከእንዲህ ያለው ጋዝ ውስጥ ነው። ሳይተንም የሚታይ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በጨቅላ ኮከቦች ዙሪያ የረጋ ኤታኖል አሳይቷል። ኤታኖል ያው አረቄያችን ውስጥ ያለው አልኮል ነው። ደብረ ብርሃን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አልነግርዎትም።

«ኦርጋኒክ»ን እንዳለ ይተዉት። «ሕይወታዊ» ካሉት ተማሪው ኮከቡ ዘንድ ነፍሳት ተገኙ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካርቦን ያለበት ማለት ነው፤ በቃ።

አዲስ አበባ ያደገችውን የልጅ ልጄን «አመዳይ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አመድ ነገር ነው?» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ሥሩን ሳታውቅ ነካችው። ቀጥሎ ፍሪጁን ከፍታ ግድግዳው ላይ የረጋውን፣ አመዳይ የሆነውን አመዳይ፣ «አያቴ፣ በረዶው በዝቷል» አለችኝ። እንግዲህ ቋንቋው ሄዷል። ፈተና ላይ በረዶ ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢኖር እኔ ግማሽ ማርክ እቀንስበት ነበር። እርስዎ ግን አይቀንሱበት።