ደንበኛ ቢሰረዝ ደረሰኙ የት ይሄዳል? የጃንጎ ፎሬን ኪ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ ፍሬምወርክ) ሞዴሎች፣ ማለትም የዳታቤዝ ሠንጠረዦችን ስለሚገልጹት ክላሶች፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብያችሁ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ፎሬን ኪ (ForeignKey፣ አንዱን ሞዴል ከሌላው የሚያያይዝ ፊልድ) ላይ አረፈ። ደንበኛና ደረሰኝ ባሉት የሱቅ ሲስተም ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፎሬን ኪውን የትኛው ሞዴል ላይ ልጻፈው?

መልስ፦ ብዙ በሚሆነው ላይ። አንድ ደንበኛ ብዙ ደረሰኝ ይኖረዋል፤ ደረሰኙ ግን የአንድ ሰው ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ።

ጥያቄ፦ የምከተለው ቱቶሪያል ኦን ዲሊት (on_delete፣ የተያያዘው ሲሰረዝ ምን ይሁን የሚለው ምርጫ) የለውም። እኔ ስተወው ግን ኤረር ይላል።

መልስ፦ ቱቶሪያሉ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው ጃንጎ 2.0 ጀምሮ ግዴታ ነው። ድሮ ዝም ካልከው ካስኬድ (CASCADE፣ አብሮ መሰረዝ) ያደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም ላይ ካስኬድ ብጽፍስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ካስኬድ ማለት ደንበኛው ሲሰረዝ ደረሰኞቹም አብረው ይጥፉ ማለት ነው። አንድ ሠራተኛ አድሚን ገጹ ላይ ደንበኛ ሰረዘ እንበል። የዓመቱ ሽያጭ ጎደለ። ለግብር ሰብሳቢው ምን ልትል ነው? እኔ ገንዘብ ያለበት ላይ ፕሮቴክት ነው የማደርገው። ደረሰኝ ያለውን ደንበኛ አልሰርዝም ብሎ ድርቅ ይላል። ደንበኛው ተሰርዞ ደረሰኙ ግን ይቆይ ከተባለ ሴት ነል (SET_NULL፣ ማያያዣውን ባዶ ማድረግ) አለ፤ ፊልዱ ግን ነል (ባዶ) መቀበል አለበት።

ካስኬድም ቦታ አለው። ደረሰኙ ውስጥ ያሉት የዕቃ መስመሮች ያለ ደረሰኙ ምንም አይጠቅሙም። እነሱ አብረው ይሂዱ። ምርጫው የፕሮግራመር ብቻ አይደለም፤ ሂሳብ የምትይዘውን ልጅ ጠይቃት። አንድ ነገር ልብ በል፦ ካስኬዱን የሚፈጽመው ጃንጎ ራሱ ነው። ጃንጎን አልፈህ በኤስኪውኤል (በዳታቤዙ ቋንቋ) ደረሰኝ ያለውን ደንበኛ ልሰርዝ ብትል ዳታቤዙ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይልሃል።

ጥያቄ፦ ሪሌትድ ኔም (related_name፣ ከደንበኛው ወደ ደረሰኞቹ የምንሄድበት ስም) የግድ ነው እንዴ? እስካሁን ሳልጽፈው ሠርቻለሁ።

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ካልሰየምሽው ጃንጎ የሞዴሉን ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ "ሴት" (_set) ይቀጥልበታል። ከደረሰኝ ወደ ደንበኛ ሁለት ፎሬን ኪ ካለሽ ግን፣ ለምሳሌ ከፋይና ተረካቢ፣ ስሞቹ ይጋጫሉ። ያኔ ቢያንስ አንዱን መሰየም ግድ ነው።

ጥያቄ፦ የደረሰኞች ዝርዝር ገጼ ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ 100 ደረሰኝ ከነደንበኛው ስም ስታወጣ ለእያንዳንዱ ስም ዳታቤዙን እየጠየቅህ ይሆናል። አንዱ ለዝርዝሩ፣ መቶው ለስሞቹ፤ 101 ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ነው! ሴሌክት ሪሌትድ (select_related) ጨምርበት፣ ሁለቱን ሠንጠረዦች አጣምሮ በአንድ ጆይን ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ኢንዴክስስ (ፍለጋ የሚያፈጥን የዳታቤዝ ማውጫ) ልጨምር?

መልስ፦ አትድከም፤ ለፎሬን ኪ ጃንጎ ራሱ ይሠራል።