በሐዋሳ ግቢያችሁ አፕል ለመትከል ላሰባችሁ ወገኖች

በውጭ አገር እየኖራችሁ ሐዋሳ ላይ ቤት ሠርታችሁ በግቢያችሁ አፕል ለመትከል ያሰባችሁ ወገኖች፣ በምትኖሩበት አገር ገበያ የለመዳችሁትን ዝርያ ትታችሁ «አና» የተባለውን እንድትመርጡ አጥብቄ እመክራችኋለሁ። አፕል በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍ ዛፍ በመሆኑ፣ እንደ ጎልደን ዴሊሸስ ያለው ዝርያ በወጉ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ በመቶዎች የሚቆጠር የብርድ ሰዓት ይፈልጋል፤ እስራኤል ውስጥ ለሞቃት አካባቢ የተዳቀለው አና ግን ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃዋል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐዋሳ ይህንንም አታሟላም፤ ጉድለቱን ከታች በምገልጸው የእጅ ሥራ መሸፈን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሽያጭ የሚሆን እርሻ የሚያስብ ሰው እንደ ጨንቻ ያለውን ደጋ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የእኔ ምክር ለቤተሰቡ ጥቂት ዛፍ ለሚፈልግ ነው።

አና ብቻውን ሲተከል ፍሬው ያንሳል። አብሮት የሚያብበውን ዶርሴት ጎልደንን ንቦች በቀላሉ በሚመላለሱበት ርቀት ትከሉለት። የሁለቱንም በሌላ አፕል ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ እዚሁ አገር ውስጥ ፈልጉ እንጂ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ፤ ፈቃድና የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ቅጠል ማራገፍን ነው። ብርዱ የማይሠራውን ሥራ የሰው እጅ መሥራት አለበት፦ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ዛፉ ይገረዛል፣ ቅጠሉም በእጅ ተለቅሞ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ እንቡጡ ይነቃል። በኢንዶኔዥያ የማላንግ አካባቢ ገበሬዎች በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ሐዋሳ ላይ አበባው በበጋ እንዲውል ጊዜውን ማስላት ይገባል፤ ዝናብ የመታው አበባ ለበሽታ ይጋለጣልና። ቀጥ ብለው የሚያድጉትን ቅርንጫፎች ጎንበስ አድርጎ ማሰርም ማበቡን ያግዛል። እናንተ ርቃችሁ ስለምትኖሩ፣ ይህን ሁሉ ግቢው ውስጥ ለሚቆየው ዘመድ ወይም አትክልተኛ አጠገቡ ቆማችሁ ብታሳዩት እንጂ በስልክ ብቻ ብትነግሩት አይሆንም።

አና ጣፋጭነቱ ከለስላሳ ኮምጣጣነት ጋር የተስማማ፣ ትኩስ ሲበላ የሚጣፍጥ ፍሬ ነው። በሐዋሳ ሙቀት ውጭ ከዋለ ቶሎ ስለሚለሰልስ፣ እንደተለቀመ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። የተረፈውን ሳይለሰልስ በፊት ልጣችሁ ከጥቂት ስኳርና ቀረፋ ጋር በዝግታ ብታበስሉት፣ በጾም ወቅት በዳቦ የሚበላ ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል።